የመዳፍ መዳረሻና የክርን መንገድ

በኮምፒውተር የተሣለ ሰው እጁን ዘርግቶ ብርጭቆ እንዲያነሣ ሲፈለግ፣ ሠዓሊው የሚወስነው መዳፉ የሚያርፍበትን ቦታ ነው። ትከሻው፣ ክርኑና የእጅ አንጓው ምን ያህል መታጠፍ እንዳለባቸው የሚያሰላው ኮምፒውተሩ ነው። ከመዳረሻው ተነሥቶ ወደ መገጣጠሚያዎቹ የሚመለሰው ይህ ስሌት ኢንቨርስ ኪነማቲክስ ይባላል። የጥያቄው ሥር ግን ከኮምፒውተር ሥዕል የቀደመ ነው፤ በጥልቀት ከመረመሩትም አንዱ ሐኪም ነበሩ።

ኒኮላይ በርንሽታይን (1896–1966) በሞስኮ ሕክምና የተማሩ ሩሲያዊ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ፣ በሠራተኞች ክንድ ላይ ትናንሽ አምፖሎች አስረው የመዶሻ አመታታቸውን በተከታታይ ፎቶግራፍ አጠኑ። ልምድ ያለው ሠራተኛ መዶሻውን ደጋግሞ ከዒላማው ያሳርፋል፤ የክንዱ መገጣጠሚያዎች ግን በየምቱ መንገዳቸውን በመጠኑ ይለዋውጣሉ።

ምክንያቱን አናቶሚ ያስረዳል። ትከሻ በ3፣ ክርንና ግንባር ክንድ በ2፣ የእጅ አንጓ በ2፣ በድምሩ በ7 አቅጣጫዎች ይንቀሳቀሳሉ። መዳፍን በተወሰነ ቦታና አኳኋን ለማሳረፍ ግን 6 ይበቃሉ። ስለዚህ መዳፍ ከቦታው ሳይነቃነቅ ክርን ከፍና ዝቅ ሊል ይችላል፤ ለአንድ መዳረሻ ስፍር ቁጥር የሌለው መንገድ አለ። በርንሽታይን የእንቅስቃሴ ቅንጅት ማለት ይህን ትርፍ ነፃነት መግራት ነው አሉ።

መሐንዲሶችም ከዚሁ ጥያቄ ደረሱ። እ.ኤ.አ. በ1969 ዳንኤል ዊትኒ ለሮቦት ክንዶችና ለሰው ሠራሽ አካላት የሚሆን ዘዴ አሳተመ፤ ተጠቃሚው የመዳፉን ፍጥነትና አቅጣጫ ሲያዝ የየመገጣጠሚያው ድርሻ በስሌት ይገኛል። እ.ኤ.አ. በ1985 ማይክል ጂራርድና አንቶኒ ማቺየቭስኪ ይህን መሰሉን ስሌት በእግር ለሚሄዱ የኮምፒውተር ሥዕሎች አዋሉት። ኮምፒውተሩ ከብዙ መንገዶች አንዱን እንዲመርጥ ግን ከመዳረሻው ሌላ ተጨማሪ መስፈርት ሊሰጠው ይገባል።

ይህ ታሪክ ለእኛ ለጤና ባለሙያዎች የሚያስተምረው አለ። ከስትሮክ በኋላ ብርጭቆውን ያነሣ ሕመምተኛ ክንዱ አገግሟል ብለን ብንመዘግብ ልንሳሳት እንችላለን፤ ደረቱን ወደ ፊት አዘንብሎ፣ ትከሻውን ሰቅሎ ደርሶ ይሆናልና። ጀርባውን ከወንበሩ መደገፊያ ሳያላቅቅ እንዲሞክር ብንጠይቀው ልዩነቱ ይታያል። ክንዱ እጅግ ለደከመ ሰው ይህ ማካካሻ ጠቃሚ ነው፤ ክንዱ ሊሻሻል ለሚችል ግን ልምምዱን ሊያዘናጋ ይችላል። ስለዚህ በካርዱ ላይ መድረሱን ብቻ ሳይሆን በየት በኩል እንደ ደረሰም እንጻፍ።