ከእቁብ ወደ አክሲዮን



እቁብ ሲደርሰን «አክሲዮን ብገዛበትስ?» የምንል እየበዛን ነው። ከመወሰናችን በፊት ከእኛ በፊት የገዙትን ማወቅ ይጠቅመናል።

በ1950ዎቹ መጨረሻ አዲስ አበባ ውስጥ፣ በብሔራዊ ባንክ አስተባባሪነት፣ አክሲዮን የሚሸጥበትና የሚገዛበት ገበያ ነበር። ታኅሣሥ 23 ቀን 1967 ደርግ ባንኮችንና የመድን ድርጅቶችን ወረሰ፤ በሚቀጥለው ወር ደግሞ 72 ኩባንያዎችን። ገበያውም በዚያው ቀረ።

በ1986 የግል ባንክ ማቋቋም በሕግ ሲፈቀድ አክሲዮን ተመልሶ መጣ። በ2005 ሥራ የጀመረውን እናት ባንክን የመሠረቱት 11 ሴቶች ናቸው። ሆኖም የተደራጀ ገበያ ስላልነበረ አክሲዮኑን መሸጥ የፈለገ ሰው ገዥውን ራሱ ማፈላለግ ነበረበት። የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያ በይፋ የተከፈተው ጥር 2 ቀን 2017 ነው። ከዚያ ሦስት ወር ቀደም ብሎ ኢትዮ ቴሌኮም አክሲዮኑን በቴሌብር ለሕዝብ አቅርቦ ነበር። የአንዱ ዋጋ 300 ብር፣ ትንሹ ግዢ 33 አክሲዮን ስለነበር ለመጀመር 9,900 ብር ያስፈልግ ነበር።

ከዚህ ታሪክ የምንወስደው ምንድን ነው? እቁብ የጣልነውን ያህል፣ በተራችን ይመልስልናል። አክሲዮን ግን እንዲህ ያለ ቃል አይገባም። የገዛነው የድርጅቱን ድርሻ ነው፤ ሲያተርፍ ትርፍ ሊያካፍለን ይችላል፣ ሲከስር የእኛም ገንዘብ ይቀንሳል። በፈለግነው ቀን ገዥ ላናገኝ እንችላለን። ስለዚህ ቀን የተቆረጠለት ገንዘብ፣ ለመስቀል ወይም ለአረፋ በሬ፣ ለልጅ ትምህርት ቤት፣ ለበርበሬ መግዣ የተቀመጠው፣ አክሲዮን ውስጥ አይግባ። ተበድሮ መግዛትም አይመከርም።

ለድንገተኛ ችግር የጥቂት ወራት ወጪ ቆጥባ የተረፋት አባል ግን ከትንሹ ትጀምር። ሁሉንም በአንድ ድርጅት አታድርግ፤ የ1967ቱ ውርስ የከፋባቸው ሌላ መተዳደሪያ ላልነበራቸው ነውና። ገንዘብ ከመክፈሏ በፊት ሻጩ ከኢትዮጵያ ካፒታል ገበያ ባለሥልጣን ፈቃድ እንዳለው ትጠይቅ። የድርጅቱን የደንበኛ ሳቢ መግለጫ ታንብብ፤ ትርፉና ዕዳው እዚያ ተጽፏል። ማንበብ የሚከብዳት ካለች በወርኃዊ ስብሰባችን አብረን እናንብበው።