እጃቸውን የሰበሰቡ ሊቃውንት

ሕግ ሳይከለክለውና ዳኛ ሳይይዘው «የምሠራው ነገር ሰው ይጎዳ ይሆን?» ብሎ የጀመረውን ሥራ ያቆመ ባለሙያ ስንት ታውቃላችሁ? እስቲ የዚህን ዓይነት አንድ ታሪክ እንመልከት።

እ.ኤ.አ. በ1971 በአሜሪካ የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር ፖል በርግ የአንድን ቫይረስ ዘረመል ኢ. ኮላይ በምትባል ባክቴሪያ ውስጥ ለማስገባት አቀዱ። ኤስ.ቪ.40 የሚባለው ይህ ቫይረስ ከጦጣ የተገኘ ሲሆን በቤተ ሙከራ እንስሳት ላይ ዕጢ ያበቅላል። ኢ. ኮላይ ደግሞ በእኔም በእናንተም አንጀት ውስጥ የምትኖር ናት። ሮበርት ፖላክ የተባለ ወጣት ተመራማሪ ስለ ዕቅዱ ከበርግ ተማሪ ሰማና ስልክ አንስቶ ደወለላቸው። ያቺ ባክቴሪያ አምልጣ ሰው ሆድ ብትገባስ? በርግ መጀመሪያ ቅር ቢላቸውም ሌሎችን ካማከሩ በኋላ ያንን ሙከራ ተዉት። ስመ ጥር ሰው ከታናሹ ምክር ሲቀበል በየዕለቱ የምናየው ነገር አይደለም።

በሐምሌ 1974 በርግና 10 ባልደረቦቻቸው በ«ሳይንስ» መጽሔት ላይ ባወጡት ደብዳቤ፣ አደጋው እስኪታወቅ ድረስ አንዳንድ ሙከራዎች እንዲቆሙ ለዓለም ተመራማሪዎች ጥሪ አቀረቡ። በየካቲት 1975 ወደ 140 የሚጠጉ ተመራማሪዎች በካሊፎርኒያ አሲሎማር በተባለ የባሕር ዳርቻ ተሰብስበው ተከራከሩ። በመጨረሻም ጥንቃቄው በአደጋው ልክ እንዲሆን፣ ከቤተ ሙከራ ውጭ መኖር የማይችሉ ደካማ ባክቴሪያዎች እንዲመረጡና እጅግ አስጊ የሆኑት ሙከራዎች እንዲቆዩ ተስማሙ።

ይህ የሚያስመሰግናቸው ነው። ግን በዚያ አዳራሽ እነማን እንደተቀመጡ ልብ በሉ። ተመራማሪዎች፣ ጥቂት የሕግ ሰዎችና ጋዜጠኞች ነበሩ፤ አደጋ ቢደርስ ቀድሞ የሚታመመው ጎረቤት ግን አልተጠራም። የጦር መሣሪያ ጉዳይም ሆነ ተብሎ ከውይይቱ ወጥቷል። በእነዚያው ዓመታት ሶቪየት ኅብረት ይህንኑ ዕውቀት ለጦር መሣሪያ የሚያውል ባዮፕሬፓራት የተባለ ድርጅት በምስጢር ታቋቁም ነበር።

ጎረቤት የተጠየቀው በ1976 በካምብሪጅ ከተማ፣ ማሳቹሴትስ ነው። ሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ለዚህ ምርምር ቤተ ሙከራ ሊያዘጋጅ ሲነሣ ከንቲባው አልፍሬድ ቬሉቺ ፕሮፌሰሮቹን በሕዝብ ፊት አቁመው ጠየቁ። የከተማው ምክር ቤትም ሥራው ለሦስት ወር እንዲቆም ጠይቆ ከነዋሪዎች ኮሚቴ አቋቋመ። ነርስ፣ ሐኪም፣ መሐንዲስ፣ የማሞቂያ ነዳጅ ነጋዴ ሳይቀር ነበሩበት። «እነዚህ ስለ ዘረመል ምን ያውቃሉ?» ያላችሁ እንደሆነ፣ ያላወቁትን ጠየቁ፤ ባለሙያዎችን ከሁለቱም ወገን ለወራት አዳመጡ። ምርምሩንም አልከለከሉም። መንግሥት ካወጣው መመሪያ በላይ ተጨማሪ ጥንቃቄ እንዲደረግ ፈረዱ፤ ውሳኔያቸውም በየካቲት 1977 የከተማዋ ደንብ ሆነ። ደንቡ ሳይንስን ያባርራል ተብሎ ተፈርቶ ነበር። ዛሬ ካምብሪጅ በዓለም ካሉት ታላላቅ የባዮቴክኖሎጂ ማዕከላት አንዷ ናት። ከአሲሎማር ይልቅ እኔን የሚማርከኝ ይኸኛው ነው።

ጥቅሙንም አንርሳ። የስኳር ሕመምተኞች ኢንሱሊን ለብዙ ዘመን ከከብትና ከአሳማ ቆሽት ይወጣ ነበር። በ1982 አሜሪካ ኢ. ኮላይ ውስጥ የተሠራውን ኢንሱሊን ፈቀደች። ይህ ለሙስሊም ታማሚ ምን ማለት እንደሆነ አስረዱን የሚል ቤተሰብ ያለ አይመስለኝም፤ አልሐምዱሊላህ!

ከዚያ ወዲህ ሥራው ዘረመልን ከማጣበቅ አልፎ ጽፎ እስከ መሥራት ደርሷል፤ ሲንቴቲክ ባዮሎጂ ይሉታል። በ2010 የክሬግ ቬንተር ቡድን ከአንድ ሚሊዮን በላይ ፊደል ያለው ዘረመል በኬሚካል አዘጋጅቶ አንዲት ባክቴሪያን በእርሱ እንድትኖር አደረገ። ከዚያ በፊት በ2006 የዘርፉ ሰዎች በርክሌይ ተሰብስበው የራሳቸውን መተዳደሪያ ሊያወጡ ሲነሡ፣ የሲቪክ ማኅበራት «በራሳችሁ ጉዳይ ራሳችሁ ዳኛ አትሁኑ» የሚል መንፈስ ያለው ግልጽ ደብዳቤ ጻፉላቸው። ያኔ የተነሣው ጥያቄ የከንቲባ ቬሉቺ ጥያቄ ነው።

በታኅሣሥ 2024 ደግሞ 38 ሳይንቲስቶች በዚያው «ሳይንስ» መጽሔት ሌላ ማስጠንቀቂያ አወጡ። የሚያስፈራቸው ሞለኪውሎቿ ሁሉ በመስታወት እንደሚታይ ምስል የተገለበጡ ባክቴሪያ ናት፤ ብትፈጠር የሰውም፣ የእንስሳም፣ የአዝርዕትም ገላ ላይለያት ይችላል። ከፈራሚዎቹ አንዳንዶቹ ራሳቸው ወደዚያ የሚወስደውን ምርምር ሲሠሩ የቆዩ ናቸው። ባክቴሪያዋ እንዳትሠራ፣ ለሥራውም ገንዘብ እንዳይሰጥ ጠየቁ። በየካቲት 2025፣ ልክ በ50 ዓመቱ፣ ነገሩ እንደገና ለውይይት የቀረበው በዚያው በአሲሎማር ነው።