አልጎሪዝም፦ ከባግዳድ የውርስ ሒሳብ እስከ ኮምፒዩተር ፕሮግራም

«አልጎሪዝም» የሚለውን ቃል ዛሬ የማይሰማ የከተማ ወጣት የለም። በማኅበራዊ ሚዲያ የትኛው ቪዲዮ እንደሚመጣልን የሚወስነው አልጎሪዝሙ ነው ይባላል። የለጠፍነው ጽሑፍ ሰው ጋር ሳይደርስ ሲቀር ደግሞ ጥፋቱን በአልጎሪዝሙ እናላክካለን። ፕሮግራሚንግ ልማር ብሎ የተነሳ ሰው በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሁለት ቃላት ያጋጥሙታል፤ አልጎሪዝም እና ፍሎውቻርት።

ብዙ ጀማሪዎች እነዚህን ሁለቱን እንደ መግቢያ ወሬ ቆጥረው ይዘሏቸዋል። በቀጥታ ወደ ኮድ ይገባሉ፤ የቋንቋውን ሕግ ይሸመድዳሉ፤ ከቪዲዮ እያዩ ይገለብጣሉ። አንድ አዲስ ጥያቄ ሲሰጣቸው ግን ከየት እንደሚጀምሩ ይጠፋቸዋል። ከዚያም «ይህ ነገር ለእኔ አይሆንም» ብለው ይተዉታል። የጎደላቸው ጭንቅላት አይደለም። ከኮድ በፊት መምጣት የነበረበት ነገር ስለተዘለለ ነው። ያ ነገር ምን እንደሆነ ለማየት የቃሉን ታሪክ መከተል ይጠቅማል። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

የኸዋሪዝሙ ሰው

ሙሐመድ ኢብኑ ሙሳ አል-ኸዋሪዝሚ የኖረው በግምት ከ780 እስከ 850 ነው። ስሙ የኸዋሪዝም ሰው መሆኑን ይናገራል። ኸዋሪዝም ከአራል ባሕር በስተደቡብ ያለ ምድር ሲሆን ዛሬ በኡዝቤኪስታንና በቱርክሜኒስታን መካከል ተከፍሏል። አል-ኸዋሪዝሚ የሠራው በባግዳድ፣ በዐባሲያው ኸሊፋ አል-መእሙን ዘመን (813-833) ነበር። በዚያን ጊዜ በበይተል ሒክማ ዙሪያ የተሰባሰቡ ሊቃውንት የግሪክን፣ የፋርስንና የሕንድን እውቀት ወደ ዐረብኛ እየመለሱ ያጠኑ ነበር።

በ820 አካባቢ ስለ አል-ጀብርና አል-ሙቃበላ አንድ አጭር የሒሳብ መጽሐፍ ጻፈ። «አልጀብራ» የሚለው የትምህርት ስም የመጣው ከዚህ መጽሐፍ ርዕስ ነው። በመግቢያው ላይ መጽሐፉን ለምን እንዳዘጋጀው ይናገራል፤ ሰዎች በውርስ፣ በኑዛዜ፣ በንብረት ክፍፍል፣ በክርክር፣ በንግድ፣ በመሬት ልኬትና በቦይ ቁፋሮ ዘወትር የሚፈልጉትን ሒሳብ ለማቅለል ነው። እንግዲህ መጽሐፉ ለሊቃውንት ብቻ የተጻፈ አልነበረም። ቃዲውም፣ ነጋዴውም፣ መሬት ለኪውም እንዲጠቀሙበት ታስቦ ነው።

ምልክት የሌለው ሒሳብ

መጽሐፉን ዛሬ የሚከፍት ተማሪ ይገረማል። «ኤክስ» የለም፤ የመደመርና የእኩል ይሆናል ምልክት የለም። ቁጥሮቹ እንኳ በአብዛኛው በቃላት የተጻፉ ናቸው። ታዲያ ሒሳቡ እንዴት ተሠራ? በትእዛዝ ቅደም ተከተል ነው።

ከታወቁት ጥያቄዎቹ አንዱ በእኛ አነጋገር ይህን ይመስላል፦ አንድ ቁጥር አለ። ቁጥሩን በራሱ አባዝተን፣ በዚያ ላይ የቁጥሩን አሥር እጥፍ ስንደምር 39 ይሆናል። ቁጥሩ ስንት ነው? መንገዱ ይኸውላችሁ፦

1. አሥሩን ለሁለት ክፈሉ፤ 5 ይሆናል።
2. 5ን በራሱ አባዙ፤ 25 ይሆናል።
3. በ39 ላይ ደምሩት፤ 64 ይሆናል።
4. በራሱ ሲባዛ 64 የሚሰጠውን ቁጥር ፈልጉ፤ 8 ነው።
5. ከ8 ላይ 5ን ቀንሱ፤ 3 ይቀራል። መልሱ 3 ነው።

አረጋግጡት። 3 በ3 ሲባዛ 9፤ አሥር ጊዜ 3 ደግሞ 30፤ ሲደመሩ 39።

አሁን ቁጥሮቹን ቀይሩ። በ10 ፋንታ 8፣ በ39 ፋንታ 20 አድርጉ። የስምንት ግማሽ 4፤ በራሱ ሲባዛ 16፤ ከ20 ጋር 36፤ በራሱ ተባዝቶ 36 የሚሰጠው 6፤ ከ6 ላይ 4 ሲቀነስ 2። መልሱ ትክክል ነው። ቁጥሩ ተለወጠ፤ መንገዱ ግን አልተለወጠም።

አልጎሪዝም ማለት ይህ ነው። ከታወቀ ነገር ተነስቶ፣ እያንዳንዱ እርምጃ ግልጽ ሆኖ፣ በተወሰኑ እርምጃዎች መልስ ላይ የሚያደርስ የአሠራር ቅደም ተከተል። አል-ኸዋሪዝሚ እንዲህ ያሉትን ጥያቄዎች በስድስት ዓይነት ከፍሎ ለየዓይነታቸው መንገድ አበጀ። «እንዲህ አድርጉ» ብሎም አልተወም፤ መንገዱ ለምን እንደሚሠራ አራት ማዕዘኖችን በመሳል አሳየ።

መንገዱ ሲከፈል

ሁሉም ጥያቄ ግን በአንድ ቀጥተኛ መንገድ አይሄድም። ሌላው ጥያቄው ይህን ይመስላል፦ አንድ ቁጥር በራሱ ተባዝቶ 21 ሲጨመርበት ከቁጥሩ አሥር እጥፍ ጋር እኩል ይሆናል። የአሥር ግማሽ 5፤ በራሱ ሲባዛ 25፤ ከ25 ላይ 21 ሲቀነስ 4፤ በራሱ ተባዝቶ 4 የሚሰጠው 2። 2ን ከ5 ላይ ብትቀንሱት 3፣ በ5 ላይ ብትደምሩት 7 ይሆናል። ሁለቱም ትክክለኛ መልሶች ናቸው።

እዚህ ላይ አል-ኸዋሪዝሚ አንድ ማስጠንቀቂያ ያክላል። ግማሹን በራሱ ስናባዛ ያገኘነው ቁጥር ከተሰጠው ቁጥር ካነሰ ጥያቄው መልስ የለውም። እኩል ከሆነ ደግሞ ግማሹ ራሱ መልስ ነው። አንድ ሒሳብ ሦስት መንገድ አለው ማለት ነው፤ የትኛውን መንገድ እንደምንይዝ የሚወስነው በመካከል የሚጠየቅ ጥያቄ ነው። ዛሬ በማንኛውም የፕሮግራም ቋንቋ «እንዲህ ከሆነ ይህን አድርግ፣ ካልሆነ ያንን አድርግ» ብለን የምንጽፈው ሐሳብ በዚህ የዘጠነኛው ክፍለ ዘመን መጽሐፍ ውስጥ በግልጽ ተቀምጧል።

ቅደም ተከተል የሰው ሐቅ ሲሆን

የመጽሐፉ ሰፊ ክፍል ስለ ኑዛዜና ውርስ ነው። አንድ ምሳሌ እንውሰድ። አንዲት ሴት ባሏን፣ አንድ ወንድ ልጅና ሦስት ሴት ልጆችን ትታ ሞተች። ከንብረቷ አንድ ስምንተኛውንና አንድ ሰባተኛውን ወራሽ ላልሆነ ሰው ተናዝዛለች። ለእያንዳንዱ ስንት ይደርሰዋል?

ንብረቱን 1120 እጅ እናድርገው። አንድ ስምንተኛው 140፣ አንድ ሰባተኛው 160 ነው፤ ኑዛዜው በድምሩ 300 ይሆናል። 300 ከ1120 ሲሶ ስለማይበልጥ ኑዛዜው ይጸናል። የቀረው 820 ነው። ከዚህ ላይ ባልየው ሩቡን፣ ማለትም 205 ይወስዳል። የቀረው 615 ወንዱ ልጅ የሴቷን እጥፍ ስለሚያገኝ ለአምስት ይከፈላል፤ ለእያንዳንዷ ሴት ልጅ 123፣ ለወንዱ 246።

አሁን አንድ ሰው ቅደም ተከተሉን አዛብቶ ኑዛዜው ከመውጣቱ በፊት የባልየውን ሩብ ከጠቅላላው ቢያወጣ ባልየው 280 ይወስዳል። ስሌቱ አልተሳሳተም፤ የ1120 ሩብ በእርግጥ 280 ነው። የተሳሳተው ተራው ነው። ነገር ግን 75 እጅ ከሌሎች ሐቅ ላይ ተወሰደ። የፕሮግራም ስህተትም አብዛኛውን ጊዜ እንዲህ ነው። እያንዳንዱ መስመር ለብቻው ሲታይ ልክ ነው፤ ቦታው ግን ልክ አይደለም። ደመወዝ፣ ግብርና የባንክ ሒሳብ በኮምፒዩተር በሚሠራበት በዛሬው ዘመን የተዛባ ቅደም ተከተል የአንድን ቤተሰብ ብቻ ሳይሆን የብዙ ሺህ ሰዎችን ገንዘብ ሊያዛባ ይችላል።

ስሙ እንዴት ተጓዘ?

አል-ኸዋሪዝሚ በሕንድ ቁጥሮች ስለ ማስላትም ሌላ መጽሐፍ ጽፏል። የዐረብኛው ቅጂ ጠፍቷል፤ በ12ኛው ክፍለ ዘመን ወደ ላቲን የተመለሰው ግን ደርሶናል። በላቲኑ ስሙ «አልጎሪዝሚ» እየተባለ ተጻፈ። በ1145 ደግሞ የቼስተሩ ሮበርት በስፔን የአልጀብራውን መጽሐፍ ወደ ላቲን መለሰው። ከጊዜ በኋላ አውሮፓውያን በአዲሶቹ ቁጥሮች የማስላትን ዘዴ በሰውየው ስም ጠሩት። የሰው ስም የነበረው የዘዴ ስም ሆነ፤ በመጨረሻም ማንኛውንም በቅደም ተከተል የተቀመጠ አሠራር የሚገልጽ ቃል ወጣው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር በሐቅ መነገር አለበት። «አልጎሪዝምን የፈጠረው አል-ኸዋሪዝሚ ነው» የሚል ጽሑፍ ብዙ ጊዜ ሲዘዋወር ይታያል። ትክክል አይደለም። ግሪካዊው ዩክሊድ ከእሱ ከአንድ ሺህ ዓመት በፊት የሁለት ቁጥሮችን ትልቁን የጋራ አካፋይ የማግኛ ዘዴ በእርምጃ ጽፏል። ከዜሮ እስከ ዘጠኝ ያሉት ቁጥሮችም የሕንዶች ሥራ ናቸው፤ አል-ኸዋሪዝሚ ራሱ የሕንድ ሒሳብ መሆኑን አልደበቀም። የእሱ ታላቅነት ሌላ ነው። እውቀቱን ካለበት ወሰደ፣ በዓይነት በዓይነቱ ለየ፣ ጨመረበት፣ ከዚያም ማንም ሰው ተከትሎት እኩል መልስ ላይ በሚደርስበት መልክ አስቀመጠ። በስሙ መኩራት ቀላል ነው። ሥራውን መውረስ ግን እንደ እሱ አድርጎ መጻፍን ይጠይቃል።

ቃል ወደ ሥዕል

እንግሊዛዊቷ አዳ ላቭሌስ በ1843፣ ገና ላልተሠራው የቻርልስ ባቤጅ የስሌት ማሽን የአሠራር ቅደም ተከተል በሠንጠረዥ አሳተመች። በ1921 ደግሞ አሜሪካውያኑ ባልና ሚስት ፍራንክና ሊሊያን ጊልብረዝ የሥራ ሂደትን በሥዕል የማሳየት ዘዴ ለአሜሪካ የመካኒካል ኢንጂነሮች ማኅበር አቀረቡ። ዓላማቸው በሥራ ላይ የሚባክን እንቅስቃሴን ማየት ነበር። ኮምፒዩተር ሲመጣ ኸርማን ጎልድስታይንና ጆን ቮን ኖይማን በ1947 ባወጡት ሥራ ፕሮግራምን በሥዕል ማቀድን አሳዩ። ዛሬ ፍሎውቻርት የምንለው ከዚህ የመጣ ነው።

የሚያስፈልጉት ቅርጾች ጥቂት ናቸው፦

• ሞላላ ቅርጽ፦ መጀመሪያና መጨረሻ
• ጎኑ ያዘመመ አራት ማዕዘን፦ መረጃ መቀበልና ውጤት ማሳየት
• ቀጥ ያለ አራት ማዕዘን፦ የሚሠራ ሥራ፣ ለምሳሌ «5ን በራሱ አባዛ»
• በጫፉ የቆመ አራት ማዕዘን፦ ጥያቄ፤ ከውስጡ «አዎ» እና «አይ» የሚሉ መንገዶች ይወጣሉ
• ቀስት፦ ቀጥሎ ወዴት እንደሚኬድ

የመጀመሪያውን የአል-ኸዋሪዝሚ ጥያቄ ብትስሉት ከላይ ወደ ታች የሚወርድ አንድ ቀጥ ያለ መስመር ታገኛላችሁ። ሁለተኛውን ስትስሉ ግን «25 ከ21 ያንሳል?» የሚለው ጥያቄ ላይ መንገዱ ይከፈላል፤ «እኩል ናቸው?» የሚለው ላይ እንደገና ይከፈላል። ሦስቱ መልሶች በሦስት አቅጣጫ ይታያሉ። አል-ኸዋሪዝሚ በቃላት የነገረንን ሥዕሉ ለዓይን አቀረበው።

ሦስተኛው ነገር መደጋገም ነው። «በራሱ ሲባዛ 64 የሚሰጠውን ቁጥር ፈልጉ» ብለን ነበር። ኮምፒዩተር ይህን እንዴት ይፈልግ? በ1 ይጀምር። በራሱ ያባዛው። 64 ሆነ? አዎ ከሆነ ይቁም። አይ ከሆነ 1 ይጨምርና ወደ ኋላ ይመለስ። በሥዕሉ ላይ ቀስቱ ወደ ላይ ይመለሳል። 8 ላይ ሲደርስ ያቆማል።

በ64 ፋንታ 50 ብትሰጡትስ? 7 በ7 ሲባዛ 49፤ 8 በ8 ደግሞ 64። 50 ላይ በጭራሽ አይደርስም፤ ያለ ማቋረጥ ይቆጥራል። ስለዚህ አንድ ጥያቄ መጨመር አለበት፦ «አለፈው?» አዎ ከሆነ «ሙሉ ቁጥር የሆነ መልስ የለም» ብሎ ይቁም። ይህን ክፍተት በወረቀት ላይ ያየ ሰው በኮድ ውስጥ ሰዓታት አያባክንም።

በ1966 ኮራዶ ቦህምና ጁሴፔ ያኮፒኒ የተባሉ ጣሊያናውያን ማንኛውም ፕሮግራም ከሦስት ነገሮች ብቻ ሊገነባ እንደሚችል በማስረጃ አሳዩ፤ ከተራ ቅደም ተከተል፣ ከምርጫ እና ከመደጋገም። አሁን ሦስቱንም ያለ ኮምፒዩተር አይታችኋቸዋል።

ከየት ልጀምር ለምትሉ

ላፕቶፕ እስክገዛ ብላችሁ አትጠብቁ። ወረቀትና እርሳስ ይዛችሁ በደንብ የምታውቁትን አንድ ነገር ምረጡ። ለምሳሌ የገንዘብ ዘካ፦ ገንዘቡ ኒሳብ ሞልቷል? ዓመት ዞሮበታል? ሁለቱም አዎ ከሆኑ ከ40 አንዱን አውጣ፤ ካልሆነ ግዴታ የለም። ሁለት ጥያቄ፣ አንድ ስሌት፣ ሁለት መጨረሻ። መጀመሪያ በቃላት ዘርዝሩት፤ ቀጥሎ በቅርጾቹ ሳሉት።

ከዚያም ነገሩን ለማያውቅ ለታናሽ ወንድማችሁ ወይም ለእህታችሁ ወረቀቱን ስጡና ዝም በሉ። ምንም ሳይጠይቃችሁ መልሱ ላይ ከደረሰ አልጎሪዝም ጽፋችኋል። «እዚህ ጋ ምን ላድርግ?» ካላችሁ ደግሞ እዚያ ቦታ ላይ የዘለላችሁት እርምጃ አለ። ኮምፒዩተር እንደ ልጁ አይጠይቅም፤ የተጻፈለትን ብቻ ይሠራል። ወረቀቱ ላይ የጠራውን ነገር ወደ ፓይተንም ሆነ ወደ ሌላ ቋንቋ መመለስ ከዚያ በኋላ የሚመጣ ሥራ ነው።