ዊትወርዝና ያልተፈለገው አፈሙዝ

እ.ኤ.አ. ጁላይ 2 ቀን 1860 ለንደን አጠገብ በዊምብልደን ሜዳ ንግሥት ቪክቶሪያ የሐር ገመድ ሳብ አደረጉ። ማስደገፊያ ላይ የተጠመደው ጠመንጃ ጮኸ። ጥይቱ በ400 ያርድ ርቀት ከቆመው ኢላማ እምብርት 3 ሳንቲሜትር ያህል ብቻ ፈንጠር ብሎ ዐረፈ። ጠመንጃው የማንችስተሩ መካኒክ የጆሴፍ ዊትወርዝ ሥራ ነበር።

ዊትወርዝ በ1803 ስቶክፖርት ተወለደ። በ1841 የብሎን ጥርስ በአገሩ ሁሉ አንድ ልክ እንዲኖረው ሐሳብ ያቀረበ፣ የኢንችን ሚሊዮንኛ የሚለይ መለኪያ የሠራ ሰው ነው። ጠመንጃ ግን አያውቅም ነበር። በ1854 መንግሥት የአፈሙዝን ነገር እንዲመረምር ሲጠይቀው ግቢው ውስጥ 500 ያርድ የሚረዝም የተኩስ መሞከሪያ ሠራ።

የጊዜው የእንግሊዝ ሠራዊት ጠመንጃ፣ የኤንፊልድ፣ አፈሙዝ ውስጡ 0.577 ኢንች ይሰፋል፤ በውስጡ የተቀረጸው ጠመዝማዛ ቦይ አንድ ዙር የሚዞረው በ78 ኢንች ነው። ዊትወርዝ ስፋቱን ወደ 0.451 አጠበበው፣ ውስጡን ባለ ስድስት ማዕዘን አደረገው፣ ዙሩንም በ20 ኢንች አስገባው። በ1857 በእንግሊዟ ሀይዝ ከተማ ሁለቱ ተፈተኑ። በ500 ያርድ የኤንፊልድ ጥይት በአማካይ 68 ሳንቲሜትር ያህል ሲስት፣ የዊትወርዝ 11 ብቻ ሳተ።

ሠራዊቱ ግን አልተቀበለውም። ለምን? መኮንኖቹ ጠባቡ አፈሙዝ በባሩድ ጥላሸት ቶሎ ይደፈናል፣ ዋጋውም ውድ ነው አሉ። የዊትወርዝ ወዳጆች ደግሞ ምክንያቱ ቅናት ነው ብለው ጻፉ። ጥላሸቱ ተረት አልነበረም፤ ከአፈሙዝ ጫፍ እየጎረሰ በሚተኩስ ወታደር እጅ ከባድ ችግር ነው። ስለ ስፋቱ የተነሣውን ክርክር የዘጋው ግን ራሱ ሠራዊቱ ነው፦ በ1871 የተቀበለው ማርቲኒ ሄንሪ አፈሙዙ 0.45 ኢንች ነበር።

ዊትወርዝ ጠመንጃውን ሠራዊቱ ካልተቀበለው በኋላ ፊቱን ወደ ብረቱ አዞረ። ቀልጦ የፈሰሰ ስቲል ሲረጋ በውስጡ የጋዝ አረፋ ይቀራል፤ አረፋው ያለበት አፈሙዝ በተኩስ ግፊት ሊሰነጠቅ ይችላል። ስለዚህ ስቲሉን ገና ትኩስ ፈሳሽ ሳለ በውሃ ግፊት በሚሠራ መጭመቂያ ይጫነው ጀመር። የአሜሪካ አደን ጠመንጃ ሠሪዎች ሳይቀሩ ይህን ብረት በስሙ እየጠሩ ተጠቀሙበት።

ነገሩ ከእኛም ጋር ይገናኛል። ሰፊው የኤንፊልድ አፈሙዝ ከኋላ የሚጎርስ ሆኖ ተለወጠ፤ ስናይደርም ተባለ። በ1868 መቅደላ ላይ የጮኸው እሱ ነው። እኛም «ስናድር» አልነው።

ዊትወርዝ በዚያው በ1868 ለወጣት መካኒኮች የትምህርት ዕድል አቋቋመ፤ ዛሬም ይሰጣል። ጠመንጃው ሙዚየም ገብቷል። በቶርኖ ፊት የቆመ የሙያ ተማሪያችን ሁሉ ከዚህ ሰው የሚወስደው ትምህርት ግልጽ ነው፦ ከመቁረጥህ በፊት ለካ፣ ብረትህንም እወቅ።