ግማሹ ቤት በርቶ ግማሹ ሲጨልም፦ ብልሽቱ የት ሊሆን ይችላል?

በጅቡቲ ከተማ፣ ቤቶች ተጠጋግተው በተሠሩበት በካርቲየ 7 ቢስ፣ መብራት ሲጠፋ መጀመሪያ የሚጠየቀው ጎረቤት ነው። ሠፈሩ በሙሉ ከጨለመ መጠበቅ እንጂ ሌላ አማራጭ የለም። ግራ የሚያጋባው ሳሎኑ በርቶ ማድ ቤቱ ሲጨልም፣ ወይም አምፖሉ እየበራ ፍሪጁ አልነሳ ሲል ነው።

ጅቡቲ እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ ከምትጠቀመው ኃይል ከፍተኛውን ድርሻ ከኢትዮጵያ በተዘረጋ መስመር ታገኛለች። ይህ መስመር ሲቋረጥ ብዙ ሠፈሮች በአንድ ጊዜ ይጨልማሉ እንጂ የአንድ ቤት ግማሽ ለይቶ አይጠፋም። ስለዚህ የግማሽ ቤት ጨለማ ምክንያት ብዙውን ጊዜ በቤቱ ውስጥ፣ አለዚያም ከቤቱ እስከ ሠፈሩ ትራንስፎርመር ባለው ገመድ ላይ ይገኛል።

የጎረቤት መብራት ደህና ከሆነ ቀጥሎ የሚታየው ቆጣሪው አጠገብ ያለው ሳጥን ነው። ከብሬከሮቹ አንዱ ወርዶ ከተገኘ (የጅቡቲ ባለሙያዎች በፈረንሳይኛው "ዲዥንክተር" ይሉታል) በዚያ መስመር ላይ የተሰኩት ዕቃዎች በሙሉ ይነቀሉና ብሬከሩ አንድ ጊዜ ይነሣል። ባዶውን ጸንቶ ከቆመ ዕቃዎቹ አንድ በአንድ ይሰካሉ፤ ብሬከሩን የጣለው ዕቃ ጥፋተኛው እርሱ ነው፣ ወይም መስመሩ ከአቅሙ በላይ ተጭኗል። ምንም ሳይሰካበት ተመልሶ ከወደቀ ግን ገመዱ ውስጥ ሾርት አለ ማለት ነው። በዚህ ጊዜ ደጋግሞ ማንሣት፣ በትልቅ ብሬከር መተካት ወይም በተቃጠለ ፊውዝ ቦታ የመዳብ ሽቦ መጠምዘዝ ገመዱ ግድግዳ ውስጥ እንዲነድ መፍቀድ ነው።

ብሬከሮቹ ሁሉ ተነሥተው ግማሹ ቤት ከጨለመ፣ ቤቱ ባለ ሦስት ፌዝ መሆኑ ይጣራል። ከሦስቱ አንዱ ከጠፋ በእርሱ ላይ ያሉት ክፍሎች ብቻ ይጨልማሉ። ባለ ሦስት ፌዝ የውኃ ፓምፕ ካለ ወዲያውኑ መጥፋት አለበት፤ በሁለት ፌዝ እያጉረመረመ ሞተሩ ይቃጠላል።

ከሁሉም የከፋው የኒውትራል መላላት ወይም መቆረጥ ነው፤ ሰው ቶሎ የማይጠረጥረውም ይህንኑ ነው። ኒውትራል ጤነኛ ሲሆን እያንዳንዱ ቤት 220 ቮልት ገደማ ያገኛል። የጋራው ኒውትራል ምሰሶው ላይ ሲቆረጥ ግን በተለያዩ ፌዞች ላይ ያሉ ቤቶች ሳያውቁት በተከታታይ ይያያዛሉ፤ በሁለት ፌዞች መካከል ያለውን 380 ቮልትም ይከፋፈላሉ። አየር ማቀዝቀዣ ያበራው ቤት ጭል ጭል ሲል፣ አንድ አምፖልና ቴሌቪዥን ብቻ ያለው ጎረቤት ከ300 ቮልት በላይ ሊደርስበት ይችላል። የአንዱ ክፍል አምፖል ሲደበዝዝ የሌላው ከወትሮው በላይ መድመቁ፣ ወይም አንድ ከባድ ዕቃ ሲበራ ብርሃኑ መዋዠቁ ዋነኛው ምልክት ነው።

ጉዳቱ ቤቱ ውስጥ በአንድ መስመር ብቻ ከሆነ ሌላ ምልክት አለው፦ ዕቃው አይሠራም፣ ቴስተር ግን በሶኬቱ በሁለቱም ቀዳዳ ይበራል። ኤሌክትሪኩ በተሰካው ዕቃ በኩል አልፎ መመለሻ አጥቶ ቆሟል ማለት ነው። ቴስተር ስለበራ ብቻ "መብራት አለ" ብሎ መደምደም ያሳስታል፤ "ሞቷል" ብሎ ገመዱን መንካት ደግሞ ይገድላል።

የኒውትራል ጥርጣሬ ሲኖር ዋናው ማብሪያ ማጥፊያ ይዘጋል፣ ፍሪጅና ቴሌቪዥን ይነቀላሉ፣ ጎረቤቶችም እንዲያጠፉ ይነገራቸዋል። የዕቃው የብረት አካል ከኒውትራል ጋር የተያያዘ ከሆነ የፍሪጁ በር ራሱ ሊይዝ ይችላል።

የጅቡቲ አየር ለዚህ ብልሽት የተመቸ ነው። የባሕሩ ጨዋማ እርጥበት የገመድ መጋጠሚያዎችን ያዝጋል፤ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ በሚያልፍባቸው የበጋ ወራት ቀን ከሌት የሚሠሩት ማቀዝቀዣዎች ደግሞ የላላውን ብሎን ያግሉታል። የቀለጠ ፕላስቲክ ሽታ፣ የጠቆረ ሶኬት ወይም ከሳጥኑ የሚሰማ መንጫጫት ከጨለማው በፊት የሚመጡ ማስጠንቀቂያዎች ናቸው።

ከቆጣሪው ወደ ውጭ ያለውን የመክፈት ሥልጣን የኤሌክትሪክ ድርጅቱ ብቻ ነው። ሲደወልለት "መብራት ጠፋ" ብቻ ከማለት፣ የትኞቹ ክፍሎች እንደጨለሙ፣ አምፖል ደምቆ እንደነበርና ጎረቤት ጋም ይኸው መታየቱን መንገር ይበጃል፤ ፈረንሳይኛ ለሚጠይቅ ባለሙያ "ኔትር" የሚለው ቃል ኒውትራልን ያመለክታል። ከጥገናው በኋላ መጀመሪያ አንድ አምፖል ብቻ ይበራል፤ ብርሃኑ ካልዋዠቀ ፍሪጁ ጥቂት ደቂቃ ቆይቶ ይሰካል።