በአባይ ተፋሰስ የዝናብ መጠንን በሳተላይት መገመት

በአባይ ተፋሰስ የዝናብ መጠንን በሳተላይት መገመት ማለት ከደመና ሙቀት፣ ከማይክሮዌቭ ጨረርና ከራዳር ምልክት በመነሣት በተፋሰሱ ላይ የወረደውን ዝናብ ማስላት ነው። ዘዴው የምድር መለኪያዎች የሌሉባቸውን ቦታዎች ይሸፍናል። ሆኖም ግምቱ የሚታረመው በእነዚሁ መለኪያዎች ስለሆነ እነርሱን አይተካም።

አስፈላጊነቱ

የአባይ ተፋሰስ በኢትዮጵያ ውስጥ ከ170 ሺህ ካሬ ኪሎሜትር በላይ ስፋት አለው። ዓመታዊው ዝናብ በሰሜን ምሥራቅ ወደ 1,000 ሚሊሜትር ሲጠጋ፣ በደቡብ ምዕራብ በዴዴሳና በዳቡስ ወንዞች አካባቢ እስከ 2,000 ሚሊሜትር ይደርሳል። አብዛኛው የሚዘንበው በክረምት ነው።

የዝናብ መለኪያ የሚያሳየው በተተከለበት ቦታ የወረደውን ብቻ ነው። ጣቢያዎቹ በአብዛኛው በከተሞችና በመንገድ ዳር ስለሚገኙ፣ ገደላማው የአባይ ሸለቆና የምዕራቡ ቆላ በቂ መረጃ የላቸውም።

አሠራሩ

* ኢንፍራሬድ፦ የሜቴኦሳት ሳተላይቶች ከምድር ወገብ በላይ 36 ሺህ ኪሎሜትር ያህል ርቀው አፍሪካን ያለማቋረጥ ይመለከታሉ። ሁለተኛው ትውልዳቸው በየ15 ደቂቃው ምስል ይልካል። የደመናው ጫፍ እጅግ ከቀዘቀዘ ደመናው ረጅም ነው፣ ዝናብም ሊያዘንብ ይችላል ተብሎ ይገመታል።
* ማይክሮዌቭ፦ በደመናው ውስጥ ያለው በረዶና የውሃ ጠብታ በጨረሩ ላይ የሚያደርሰውን ለውጥ ይለካል። ከኢንፍራሬድ ይልቅ ለዝናቡ የቀረበ ነው፤ ነገር ግን ሳተላይቶቹ ዝቅ ብለው ስለሚዞሩ አንድን ቦታ በቀን የሚያዩት ጥቂት ጊዜ ብቻ ነው።
* ራዳር፦ እ.ኤ.አ. በ1997 የአሜሪካና የጃፓን የጠፈር ድርጅቶች ያመጠቁት ትሪም የመጀመሪያውን የዝናብ ራዳር ወደ ጠፈር ወሰደ። ተልእኮው በ2015 አበቃ። ተተኪው ጂፒኤም በየካቲት 2014 እ.ኤ.አ. መጥቋል።

የታወቁ የመረጃ ስብስቦች

የእንግሊዙ ሪዲንግ ዩኒቨርሲቲ የሚያዘጋጀው ታምሳት ቀዝቃዛ ደመና በአንድ ቦታ ላይ የቆየበትን ሰዓት ወደ ዝናብ መጠን ይለውጣል። ቺርፕስ የሳተላይትና የጣቢያ መረጃን ያጣምራል፤ ከ1981 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለውን ዝናብ 5 ኪሎሜትር ያህል ጎን ባላቸው ክፍሎች ያሳያል። የናሳው አይመርግ ደግሞ በየግማሽ ሰዓቱ 10 ኪሎሜትር ያህል ጎን ላላቸው ክፍሎች ግምት ይሰጣል።

የስሕተት ምንጮች

በተራራ ላይ ነፋስ እርጥበትን ወደ ላይ ሲገፋ ጫፉ ብዙም ያልቀዘቀዘ ደመና ጥሩ ዝናብ ሊያወርድ ይችላል። ኢንፍራሬድ ይህን ዝናብ ያሳንሰዋል ወይም ጨርሶ ያልፈዋል። በአንጻሩ ከፍ ብሎ የሚታየው ስስ ደመና ቀዝቃዛ ቢሆንም አይዘንብም። በሞቃታማው ቆላም የዝናብ ጠብታ መሬት ሳይደርስ ሊተን ስለሚችል ግምቱ ከእውነተኛው ይበልጣል።

በ1 ካሬ ኪሎሜትር ላይ 1 ሚሊሜትር ዝናብ 1,000 ሜትር ኩብ ውሃ ነው። በ170 ሺህ ካሬ ኪሎሜትር ላይ በዓመት 1,400 ሚሊሜትር ዘነበ ቢባል፣ የ10 በመቶ ስሕተት ወደ 24 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ይሆናል። ይህም ወንዙ በአማካይ በዓመት ወደ ሱዳን ከሚያሻግረው ውሃ ግማሽ ይጠጋል። አብዛኛው ዝናብ ተመልሶ ስለሚተን ስሕተቱ ሙሉ በሙሉ በወንዙ ፍሰት ላይ አይታይም። ቢሆንም የጎርፍ ማስጠንቀቂያንና የሕዳሴ ግድብን የውሃ አያያዝ ስሌት ሊያዛባ ይችላል።

ማረምና ማረጋገጥ

ግምቱ በተመሳሳይ ቀንና ቦታ ከተመዘገበ የጣቢያ ልኬት ጋር ተነጻጽሮ ይስተካከላል። በኢትዮጵያ የሚቲዎሮሎጂ ተቋሙ የጣቢያዎቹን መዝገብ ከሳተላይት ግምት ጋር አጣምሮ ይጠቀማል። ለማረም ያገለገለ ጣቢያ ለማረጋገጫ መዋል የለበትም፤ ያለዚያ ግምቱ ከእውነተኛ ጥራቱ በላይ ትክክል መስሎ ይታያል። ስለዚህ ጣቢያ በሌለበት አካባቢ ግምቱ ምን ያህል እንደሚታመን ማረጋገጥ አስቸጋሪ ነው።