የመኪና መሪ ታሪክና የዋግ ዳገት

ሰቆጣ የዋግ ሹሞች መቀመጫ፥ የጨው ነጋድያንም መናኸሪያ ሆና በኖረችባቸው ዘመናት መንገዱን የሚያየው ሰው ብቻ አልነበረም። አሞሌ የተጫነች በቅሎ ከገደል አፋፍ ስትደርስ ራሷ ትቆማለች፤ ብታነክስም ነጋዴው አረማመዷን ተመልክቶ ሕመሟ ከሰኮና ይሁን ከትከሻ ይለየዋል። አውቶሞቢል ግን የራሱ ዐይን የለውም፤ በነጂው ፈቃድ እንዲታጠፍ የሚያደርገው መሪው ብቻ ነው። ስለዚህ የመሪን ታሪክና የብልሽቱን ምልክት ማወቅ በእንዲህ ያለ ተራራማ አገር ትርፍ ዕውቀት አይደለም።

መኪና በሚታጠፍበት ጊዜ የውስጠኛው ጎማ የሚዞርበት ክበብ ከውጭኛው ይልቅ ጠባብ ስለ ሆነ፥ ሁለቱ እኩል ቢታጠፉ አንዱ መሬቱን እየፋቀ ይጎተታል። ይህን ለማስቀረት የፊት እግሮች በየራሳቸው ምሰሶ ላይ እንዲዞሩ ያሰበው የሙኒኩ ሠረገላ ሠሪ ላንከንስፐርገር ሲሆን፥ እ.ኤ.አ. በ1818 ሎንዶን ውስጥ የፈጠራ መብቱን ያስጻፈው አከርማን ነው። ካርል ቤንዝ በ1886 ያስመዘገበው መኪና ሦስት እግር ብቻ የነበረው በዚሁ የመሪ ችግር ምክንያት ነው፤ መፍትሔውን ያገኘው በ1893 ሆነ። በ1894 ደግሞ ቫሸሮን የተባለ ፈረንሳዊ ከፓሪስ እስከ ሩዋን በተደረገው ውድድር በእጀታ ፋንታ ክብ መሪ ይዞ ቀረበ።

ወደ አገራችንም በ1900 ዓ.ም. ቤንትሌይ የተባለ እንግሊዛዊ ለዳግማዊ ምኒልክ አውቶሞቢል አመጣ። በኋላ በወረራው ዘመን ከአስመራ በኮረምና በደሴ ወደ አዲስ አበባ የሚወስደው የመኪና መንገድ ተሠራ፤ ነገር ግን ዋና መስመሩ ሰቆጣን በስተምዕራብ ትቷት አለፈ። ከጣሊያኖቹ የተረፉት ካምቢዮ፥ ፍሪሲዮንና ባሌስትራ የሚሉት ቃላት እስከ ዛሬ በየጋራዡ ይሰማሉ። መሪ ግን በአማርኛ ስሙ ጸና፤ ለሰው አለቃ የምንሰጠውን ስም ለመኪናውም ሰጠነው።

የጥንት መኪና መሪ ሲታመም በአብዛኛው አራት ምልክት ያሳያል፤ እነርሱም መላላት፥ መክበድ፥ ወደ አንድ ወገን መሳብና መንቀጥቀጥ ናቸው። ቢላላ አንዱ ሰው መሪውን ጥቂት ወዲያና ወዲህ ያወዛውዝ፤ ሌላው የመሪውን ዘንጎች መጋጠሚያ በየተራ በእጁ ይዳስስ። አንዱ ዘንግ ተንቀሳቅሶ ቀጣዩ የሚዘገይበት ስፍራ ያረጀው እርሱ ነው። ቢከብድ አስቀድሞ የጎማው ነፋስ፥ ቀጥሎም ግራሶው ይታይ። እ.ኤ.አ. በ1948 ለመጀመሪያ ጊዜ በታየው በላንድ ሮቨር ላይ ግን ከፊት በኩል በሻንሲው ውስጥ የቆመው የመሪ አስተላላፊ ዘይቱ ሲያልቅ ስለሚደርቅ፥ መሪው ከታጠፈ በኋላ በራሱ አይመለስም።

ወደ አንድ ወገን ቢስብ የሁለቱ ጎማዎች ነፋስ፥ የማይለቅ ፍሬን፥ የተሰበረም ባሌስትራ ይመርመር። ሆኖም ከሰኔ 1 ቀን 1956 ዓ.ም. ወዲህ በኢትዮጵያ በቀኝ ወገን ስለሚነዳ፥ ለውሃ መውረጃ ሲባል ወደ ዳር ያዘቀዘቀ መንገድ ጤነኛውን መኪና እንኳ ጥቂት ወደ ቀኝ ይስበዋል፤ የመንገዱን ጠባይ ለመኪናው በሽታ መስጠት አይገባም። ቢንቀጠቀጥ የጎማው ሚዛን ይታይ፤ መኪናውም በክሪክ ተነሥቶ ጎማው ከላይና ከታች ተይዞ ይነቅነቅ። ፍሬን ሲረገጥ ልሉ ከጠፋ ጥፋቱ የኩሽኔታው ነው፤ ካልጠፋ ግን እግሩ የሚዞርበት ምሰሶ ያረጀ መሆኑ ይጠረጠራል።

ከሁሉ የሚያስፈራው ምርመራ ሳይደረግ የመሪውን ሳጥን ብሎን ማጥበቅ ነው። ሳጥኑ በይበልጥ የሚበላው መኪናው ቀጥ ብሎ በሚሄድበት በመካከለኛው ስፍራ ነው። መካከሉ እስኪጠብቅ ድረስ ብሎኑን ያጠበቀ ሰው፥ ያልተበላውን ዳርና ዳሩን ከልክ በላይ ያጠብቀዋል። መኪናው በሜዳ መልካም መስሎ ይሄዳል፤ መሪው የሚይዘው ነጂው እስከ መጨረሻው በሚጠመዝዝበት፥ ማለት በዋግ ቁልቁለት እጥፋት ላይ ነው። ምልክቱ ጠፋ፤ በሽታው ግን ገደል አፋፍ ቆሞ ይጠብቃል።

እንግዲህ የሙያ ትምህርት ቤት መምህራን ለደቀ መዛሙርቶቻቸው ከመፍቻው አስቀድመው መመርመርን ያስተምሩ ዘንድ ይገባል። ነጋዴው በቅሎው ስታነክስ ጭነቱን አውርዶ ሰኮናዋን ያይ ነበር እንጂ አለንጋ አያነሣም ነበር፤ የመካኒክነትም ጥበብ ከዚህ የተለየ አይደለም።